ባላን ሦስት ጊዜ ማየት

ውቅያኖስ ዳር አንዲት የ58 ዓመት ሴት ትደንሳለች። ነፋሱ ሳሪዋን ይጎትተዋል፤ ከኋላዋ ማዕበሉ ይመጣል፣ ይመለሳል። አትዘልም። አትሽከረከርም። ቆም ብላ እኛ የማናየውን አንድ ልጅ ትጠራለች። ልጁ እንቢ ይላታል መሰለኝ፣ ደግማ ትጠራዋለች።

ይህ ትዕይንት ያለው «ባላ» በተባለው የሳትያጂት ሬይ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ነው። የተሠራው በ1976 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሴትየዋ ባላሳራስዋቲ ትባላለች፣ በአጭሩ ባላ። ባራታናቲያም የሚባለውን የደቡብ ህንድ ክላሲካል ዳንስ ከደነሱት ሁሉ ትልቋ እሷ ናት የሚሉ ብዙ ናቸው። ሬይም ከነሱ አንዱ ነበር። በ1935 ካልካታ ውስጥ ስትደንስ ሲያያት እሱ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። እንግዲህ ካሜራውን ፊቷ ያቆመው ከ41 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው።

እኔ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አየሁት። በመጀመሪያው ሰለቸኝ። በሁለተኛው ተሸነፍኩ። በሦስተኛው ግን «አይቼ ተማርኩ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ዛሬ ሁሉንም ነገር ከስክሪን ላይ አይተን ነው የምንማረው፤ ጊታሩንም፣ ምግብ ማብሰሉንም፣ ኮዱንም፣ ዳንሱንም። ስለዚህ ጥያቄው የዳንሰኞች ብቻ አልመሰለኝም።

አንደኛ፦ ጉርሻ የለመደ ዓይን

እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያውን ጊዜ ግማሹን ስልኬን እየነካካሁ ነው ያየሁት። የህንድ ዳንስ ሲባል እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ያደግኩት በህንድ ፊልም ነው። ሃምሳ ሰው እኩል እጁን ያነሳል፤ ካሜራው ከላይ ይወርዳል፣ ከጎን ይመጣል፣ ፊት ያሳያል፣ ወገብ ያሳያል፣ እግር ያሳያል፣ ይቆርጣል። እንዲህ ያለውን ዳንስ ስታዩ የት ማየት እንዳለባችሁ የወሰነላችሁ ሌላ ሰው ነው። ዓይናችሁ ጉርሻ ነው የሚበላው።

ልዩነቱ የዳንሰኛ ችሎታ እንዳይመስላችሁ። ቫይጀያንቲማላን የመሰሉ የድሮ የህንድ ፊልም ኮከቦች እኮ በደንብ የሠለጠኑ የባራታናቲያም ዳንሰኞች ነበሩ። ልዩነቱ ያለው ተመልካቹ ላይ ነው። ሬይ ካሜራውን ብዙ አያንገላታውም። ያስቀምጠዋል፣ ባላ ትደንሳለች፣ የቀረው የናንተ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ሥራ መኖሩንም አላወቅኩም ነበር። «መቼ ነው የሚጀምረው?» እያልኩ ፊልሙ አለቀ።

ሬይ ይህን ፊልም በ1966 ሊሠራው አስቦ ነበር፤ ሳይሳካለት አሥር ዓመት አለፈ። በዚህ ምክንያት ባላን በጉልበቷ ዘመን አናያትም፤ ይህንን እንደ ትልቅ ጉድለት የቆጠሩ ተቺዎች አሉ። አልተሳሳቱም፣ የጠፋው ጠፍቷል። ግን መጀመሪያ ላይ የሰለቸኝ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በፍጥነትና በዝላይ የሚማረክ ዓይን ከ58 ዓመት ሴት የሚያገኘው ትንሽ ነው። ወይ ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ሌላ ነገር መፈለግ ይጀምራል።

ሁለተኛ፦ ሠንጠረዡ

ሁለተኛውን ጊዜ በለመድኩት መንገድ ሄድኩበት። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ አንድ ነገር ካልገባኝ እበታትነዋለሁ። የቪዲዮውን ፍጥነት ሩብ አደረግኩና በየቦታው እያቆምኩ ሠንጠረዥ መሙላት ጀመርኩ፦ ደቂቃ፣ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ዓይን፣ አንገት፣ እግር።

ይህን ያህል የሞኝ ሥራ አልነበረም፤ ዳንሱ ራሱ ይጋብዛል። «አቢናያ ዳርፓና» የሚባል ጥንታዊ የሳንስክሪት መመሪያ አለ። በአንድ እጅ ብቻ የሚሠሩ 28 ምልክቶችን ይዘረዝራል። ጭንቅላት 9 እንቅስቃሴ አለው፣ አንገት 4፣ የዓይን አስተያየት 8። እግሩም ሥርዓት አለው። አዳቩ የሚባሉ መሠረታዊ እርምጃዎች አሉ። ተማሪዋ ጉልበቷን ወደ ጎን ከፍታ፣ ግማሽ ቁጭ ብላ (አቋሙ አራማንዲ ይባላል) እያንዳንዱን አዳቩ በሦስት ፍጥነት ትሠራዋለች። ሁለተኛው ፍጥነት የመጀመሪያው እጥፍ ነው፣ ሦስተኛው የሁለተኛው እጥፍ። መሐንዲስ ቢነድፈው ከዚህ የተሻለ አይደረድረውም።

ሠንጠረዤ ሞላ። መልሼ ሳነበው ግን ባላ ውስጡ የለችም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፓታካ የሚባለው ምልክት ቀላል ነው፦ አራቱ ጣቶች ገጥመው ቀጥ ይላሉ፣ አውራ ጣት ይታጠፋል። በዚህ አንድ እጅ ዳንሰኛዋ ደመና ልትል ትችላለች። ጫካም፣ ወንዝም፣ ሌሊትም፣ ነፋስም፣ «ተው!» ማለትም ይሆናል። እኔ ሠንጠረዡ ላይ «ፓታካ» ብዬ ጽፌያለሁ። ታዲያ ደመና ነው ወይስ ሌሊት? እጁ ብቻውን አይናገርም። የሚወስነው የቀረው አካል ነው፤ ከሁሉም በላይ ዓይኗ። «ዓይን» በሚለው አምድ ውስጥ ደግሞ እኔ የጻፍኩት «ወደ ግራ»፣ «ወደ ታች» ብቻ ነበር። ወዴት እንዳየች መዝግቤያለሁ፤ ምን እንዳየች ግን አልመዘገብኩም።

የባሰው የመጣው ፊልሙ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ባላ ቫርናም የሚባለውን ረጅምና ከባድ ክፍል ትደንሳለች፤ እግሯ ላይ ያሰረችው ቃጭል በሰባት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ስትቆም ያሰረችው ነው። በቫርናም ውስጥ አንዱ ስንኝ እየተደጋገመ ይዘፈናል፤ ዳንሰኛዋ በየድግግሞሹ ሌላ መልክ ትሰጠዋለች። ባላ የታወቀችው ደግሞ ይህንን እዚያው መድረኩ ላይ በመፍጠር ነበር። የዛሬው የነገው አይሆንም።

ይህን ስረዳ ሠንጠረዡን ዘጋሁት። የቀዳሁት የአንድ ቀን ውጤት ነው። አንድ ፋንክሽን 3 ስትሰጡት 9 ቢመልስላችሁ፣ 9ን በመሸምደድ ፋንክሽኑን አታውቁትም፤ 3ን በሦስት ያባዛው ይሁን በራሱ ያባዛው አይታወቅም። 5 ሲመጣ ትቆማላችሁ። የባላን ቫርናም ፍሬም በፍሬም የቀዳ ሰውም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ስንኝ ሲመጣበት የሚያደርገው የለውም።

የተቀመጠው መምህር

ታዲያ እሷስ እንዴት ተማረችው?

ባላ የተወለደችው በ1918 ማድራስ ውስጥ፣ ለብዙ ትውልድ በሙዚቃና በዳንስ ከኖረ ቤተሰብ ነው። አያቷ ዳናማል ቪና የሚባለውን የክር መሣሪያ በመጫወት ስሟ የገነነ ሴት ነበረች። እናቷ ጃያማል ዘፋኝ ናት። የዳንስ መምህሯ ካንዳፓ ፒላይ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታንጃቩር ቤተ መንግሥት ውስጥ ዛሬ የሚታወቀውን የዳንሱን ቅደም ተከተል መልክ ያስያዙት የአራቱ ወንድማማቾች ዘር ነው። በ1925፣ በሰባት ዓመቷ፣ ካንቺፑራም ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ደነሰች።

በድሮው አሠራር መማሪያው ውስጥ መስታወት የለም። መምህሩ፣ ናቱቫናር የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያስተምረው። በአጭር ዱላ ጣውላ ይመታል፣ ምቱን በአፉ ይላል፦ ታይ ያ ታይ። ናቱቫናሮች በአብዛኛው መድረክ ላይ የማይደንሱ ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ አስቡት። ልጅቷ ፊቷ ያለው አንድ የተቀመጠ ሰው ነው። እጁን ትንሽ ያነሳል፣ አንገቱን ትንሽ ያዘነብላል። እሷ ያንን ትንሽ ነገር በሙሉ አካሏ፣ በእግሯም ጭምር፣ ማድረግ አለባት።

ለመቅዳት ከዚህ የማይመች ነገር የለም። የምታየውና የምታደርገው አይመሳሰሉም። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የምትሞላው «ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ብላ በመጠየቅ ነው። ቪዲዮ ግን ይህን ክፍተት ይደፍንልናል። ያለቀውን ነገር፣ በፈለግነው ፍጥነት፣ በፈለግነው ብዛት ያሳየናል። ስለዚህ መጠየቁን እንተወዋለን። በኔ ሠንጠረዥ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እግሩንና ምቱን ካንዳፓ አስተማራት። ታሪክና ስሜት የሚነገርበትን፣ አቢናያ የሚባለውን ክፍል ግን በዋናነት ያገኘችው ከሴቶች ነው። ቤት ውስጥ እናቷና አያቷ ሲዘፍኑ ትሰማለች፤ ሲዘፍኑ ፊታቸውን ታያለች። ከቤት ውጭ ደግሞ ማይላፖር ጋውሪ አማል ነበረች፤ የካፓሌሽዋራር ቤተ መቅደስ ዳንሰኛ። ባላ ገና ልጅ ሆና ጋውሪ አማልን ስትደንስ አይታ ነው ዳንስ ካልተማርኩ ያለችው። ከዚያም በፊት ደጃፋቸው እየመጣ የሚጨፍር አንድ ለማኝ ነበረ፣ ትንሿ ባላም አብራው ትጨፍር ነበር ይባላል። ይህችን ታሪክ የምወዳት ልጅቷ የሚታይ ነገርን ሳትንቅ ማየቷን ስለምታሳይ ነው። ለማኙን ያየችበት ዓይንና ጋውሪ አማልን ያየችበት ዓይን አንድ ነው።

አንዲት መምህር፣ ሁለት ተማሪዎች

እስካሁን «በደንብ ማየት» ንጹሕ በጎ ነገር እንደሆነ አድርጌ ነው ያወራሁት። እንደዚያ ብቻ አይደለም።

ጋውሪ አማል ሌላም ታዋቂ ተማሪ ነበራት፣ ሩክሚኒ ዴቪ። ሩክሚኒ ከብራህሚን ቤተሰብ ናት። ይህ ዳንስ ለዘመናት የኖረው ዴቫዳሲ በሚባሉት፣ ለቤተ መቅደስ በተሰጡ ሴቶችና በቤተሰቦቻቸው እጅ ነው። በዚያ ዘመን እነዚህን ሴቶች እንደ ነውረኛ የሚቆጥር ትልቅ ዘመቻ ነበር፤ በ1947 የማድራስ መንግሥት ሴት ልጅን ለቤተ መቅደስ መስጠትን በሕግ ከለከለ። ሩክሚኒ በ1930ዎቹ ዳንሱን አየች፣ ወደደችው፣ ከጋውሪ አማልና ከታላላቅ ናቱቫናሮች ተማረችው፣ በ1936 ዛሬም ድረስ ያለውን የካላክሼትራ ትምህርት ቤት አቋቋመች። አልባሳቱን ቀየረች፣ መድረኩን አሰናዳች። ሽሪንጋራ የሚባለውን፣ የሴትና የወንድ ፍቅርን ናፍቆት፣ ቀነሰችው። ዳንሱ «የተከበረ» ሆነ።

ባላ ይህን አልተቀበለችም። በ1975 ታሚል ኢሳይ ሳንጋም በተባለው ጉባኤ ላይ ባደረገችው ንግግር የዳንሱን ዝግጅት ከቤተ መቅደስ ጋር አነጻጽራዋለች፦ ተመልካቹ በውጭው በር ይገባል፣ አዳራሹን ያልፋል፣ ቫርናሙ ላይ ሲደርስ ወደ ውስጠኛው ቅዱስ ስፍራ ይገባል። ለሷ ሽሪንጋራ ከመንፈሳዊነቱ የሚነጠል ቆሻሻ አልነበረም፤ የዳንሱ ታላቁ ስሜት እሱ ነው። ማጽዳት የሚባለው ነገር ለሷ ማጉደል ነበር።

ሁለቱም ያዩት አንዲትን ሴት ነው። ሁለቱም ጎበዝ ተመልካቾች ነበሩ። አንዷ ጋውሪ አማልን ስታይ ሊድን የሚገባ ጥበብና ሊቀነስ የሚገባ ነገር አየች። ሌላዋ አንድ ሙሉ ነገር አየች። ለሩክሚኒ ፍትሐዊ ልሁን፦ ካላክሼትራ ባይኖር ኖሮ ዳንሱ ዛሬ ያለውን ያህል ተማሪ ላያገኝ ይችል ነበር፤ ከዴቫዳሲ ቤተሰብ ላልተወለዱ ልጆች በሩን ከከፈቱት መካከል ዋናዋ እሷ ናት። ግን ዳንሱ ሲከበር የዳንሱ ባለቤቶች የነበሩት ሴቶች አብረው አልተከበሩም። ጥበባቸው ታየ፣ ተወሰደ፣ እነሱ ቀሩ።

ተማሪ የሚያየውን ይመርጣል፤ የመረጠው ለሚቀጥለው ትውልድ «ዳንሱ ይህ ነው» ተብሎ ይሰጣል። አንድን ነገር ከሰው ስንማር የሰውየውን ምን እንደተውን ራሳችንን አንጠይቅም። እኔም ሠንጠረዥ ስሠራ ከባላ እጇን ወስጄ እሷን ትቻት ነበር።

የሬይ ፊልም እዚህ ላይ ይደክማል። ለባላ ያለው ፍቅር ከፍሬም ሁሉ ይታያል፤ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይህ ሁሉ ትግል የሚገባውን ያህል ቦታ አያገኝም። ባላን እንደ ታላቅ አርቲስት እናውቃታለን። ምን ያህል ሰው «አቁሚ» እያላት እንደደነሰች ግን ከፊልሙ በቂ አድርገን አንረዳም።

ሦስተኛ፦ ጉልበት ካመመ በኋላ

ከሦስተኛው በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። ሳሎኔ ውስጥ አራማንዲ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን አዳቩ መምታት ጀመርኩ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ሙሉ የእግር መዳፍ መሬት ላይ። በቀርፋፋው ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። ሳላውቀው ቀስ በቀስ ቆሜያለሁ። ያን ቀን ምንም ዳንስ አልተማርኩም። ፊልሙን ስመልሰው ግን ከዚህ በፊት ያላየሁትን አየሁ፦ በቫርናሙ ፈጣን ክፍሎች ላይ የባላ ፊት ስለ እግሯ ምንም አያወራም። ያ ሁሉ ጉልበት ከታች እየሠራ ነው፣ ከላይ ያለው ፊት ፍቅረኛዋን እየጠበቀ ነው። የራሴ ጭን ባይንቀጠቀጥ ኖሮ ይህ «ምንም ያልተለየ ነገር» ሆኖ ያልፈኝ ነበር። በመጥፎ መሞከርም ለካ ዓይንን ያስተምራል።

ሦስተኛውን ጊዜ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። አላቆምኩም፣ አልመለስኩም። ዓይኗን ብቻ ልከተል ብዬ ወሰንኩ።

ውቅያኖሱ ዳር የምትደንሰው «ክሪሽና ኒ ቤጋኔ ባሮ» የተባለውን የካናዳኛ መዝሙር ነው። እናት ሕፃኑን ክሪሽናን ትጠራዋለች። ነፋሱ ለዳንስ ፊልም አይመችም፤ የሚውለበለበው ጨርቅ ከእጇ ላይ ዓይን ይሰርቃል። እጇን መከተል ሲያስቸግረኝ ግን ዓይኗ ላይ ቀረሁ፤ ዓይኗ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ አንድ ትንሽ ልጅ ሊቆም የሚችልበት ከፍታ ላይ። እጇ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እያሳየችን አይደለም፤ እያየች ነው። ልጁን መጀመሪያ እሷ ታየዋለች፣ እኛ ከሷ ዓይን ላይ እናየዋለን። እጇ እሱን ካየች ሴት የሚጠበቀውን ያደርጋል።

ሠንጠረዡ ውስጥ ያጣሁት ፋንክሽን ይኸው መሰለኝ። ባላ ያንኑ ስንኝ አሥር ጊዜ በአሥር መልክ መሥራት የቻለችው አሥር ምልክት ስለሸመደደች አይደለም፤ ልጁን አሥር ጊዜ ስለምታየው ነው። አንዴ ይሸሻታል፣ አንዴ ይስቅባታል፣ አንዴ ይናፍቃታል። ከእናቷ ፊት፣ ከጋውሪ አማል፣ ምናልባትም ከዚያ ለማኝ የተማረችው በዋናነት እንዲህ ማየትን ነው። የሰውየው እጅ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው ምን እያየ እንደሆነ።

ቪዲዮ አይጠቅምም ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ባላ በ1984 አርፋለች፤ ሬይ ካሜራውን ባያቆም ኖሮ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ከየት አያት ነበር? ግን የማቆሚያዋ ቁልፍ አንድ ነገር ትሰርቃለች። «በኋላ አየዋለሁ» ስለሚቻል አሁን አናይም። የካንዳፓ ተማሪ መልሳ ማጫወት አትችልም ነበር፤ ስለዚህ አንዷን የእጅ እንቅስቃሴ ስታይ ሙሉ በሙሉ ማየት ነበረባት።

ስለዚህ ፊልሙን ካገኛችሁት እንዲህ ሞክሩት። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ አራማንዲ ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁ ይቅመሰው። ከዚያ ሳታቆሙ እዩት፤ እጇን ለጊዜው ተዉት። ውቅያኖሱ ዳር ስትደርሱ ዓይኗን ተከተሉና ልጁ የት ጋ እንደቆመ ፈልጉት። እኔ ሦስተኛው ላይ ነው ያገኘሁት፤ ከሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር፣ ሊመጣ ያሰበ አይመስልም።